ግማሽ ላይ ሲሶ

ቃሉን መጀመሪያ የሰማችው በአስራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ሥራ በጀመረችበት ቀን፣ የመምህራን ማረፊያ ክፍሉን በር ልትከፍት እጇን እጀታው ላይ እንዳሳረፈች ነው። ውስጥ ምክትል ዳይሬክተሩ ለነባሮቹ ያወራሉ። ዘንድሮ ደግሞ አራት ለብለቦች ላኩብን ሲሉ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ከአራቱ አንዷ እሷ ነበረች። እጀታውን ቀስ ብላ ለቀቀች፤ እስከ ውሃ ቧንቧው ድረስ ሄዳ ያልጠማትን ውሃ ጠጣች፤ ተመልሳ አንኳኩታ ገባች። ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነስተው በትህትና ጨበጧት።

ለብለብ እሳት ነካ ያደረገው ማለት ነው። ላዩ ጠቆር ብሏል፣ ጠረኑም የበሰለ ነው፤ ሲነክሱት ግን ውስጡ ጥሬ። ይህን ቃል ከምድጃ አንስቶ ትምህርት ቤት ያስገባው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማንም ይሁን፣ ዓይኑ የማይስት፣ ምላሱ የማይራራ ሰው ነበር። ጥሬ እኮ ጥሬነቱን አይደብቅም። ያልተማረ ሰውም አልተማርኩም ብሎ ዳር ይቆማል። ለብለብ ግን ጠመኔ ይዞ ሰሌዳ ፊት ይቆማል። ቃሉ የሚያመውም ለዚህ ነው፤ ስድብ ሆኖ ሳለ እውነት ነው።

አራቱ የሠለጠኑት በአስር ሳምንት ነበር። መጀመሪያ ስድስት ወር ተብሎ ነው የተጠሩት። በየሰፈሩ ትምህርት ቤት ተከፍቶ መምህር ግን ስለጠፋ፣ ስድስቱ ወር ወደ አራት፣ አራቱም ወደ አስር ሳምንት ወረደ። የሒሳብ አሠልጣኛቸው ክፍልፋይ የሚለው ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ሰዓታቸውን አዩና ገጾቹን በአንድ ላይ ገለበጧቸው። ይኼን እያስተማራችሁ ትማሩታላችሁ አሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እዚያ ግን ያፈሰሰ እንጂ የሚለቅም አልተቀጠረም።

እሷ ደግሞ ያን ምዕራፍ ቀድሞም አታውቀውም ነበር። ራሷ አራተኛ ክፍል ሳለች የሒሳብ መምህር ጠፍቶ ዓመቱን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ጓሮ ውስጥ ገመድ ሲዘሉ ነው የከረሙት። ከዚያ በኋላ ክፍልፋይ በመጣ ቁጥር ከጎኗ ካለችው ልጅ እየቀዳች አለፈች። ከሁሉም አእምሮዋ ውስጥ የቀረው አንድ ዜማ ብቻ ነበር፤ ላዕል በላዕል፣ ታህት በታህት። የማባዣ ደንብ መሆኑን ሳታውቅ ለሁሉም የሚሆን መሰላት።

እናም አራተኛ ክፍል ገብታ፣ አርባ ስድስት ልጆች ፊት ቆማ፣ ግማሽና ሲሶን ደመረች። ላዩን ከላይ ጋር፣ ታቹን ከታች ጋር። አንድና አንድ ሁለት፤ ሁለትና ሦስት አምስት። ሁለት አምስተኛ ብላ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመረችበት። ጽሑፏ ቆንጆ ነበር።

በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ አንዲት ልጅ ትቀመጣለች። እናቷ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ልጅቱም የእናቷን ያረጀ ሜትር አንገቷ ላይ እንደ ሐብል አጥልቃ ትመጣለች። እጅጌው የረዘመባት ሹራብ ነበራት፤ እጇን ስታነሳ ጣቶቿ አይታዩም፤ ባዶ እጅጌ ነው የሚነሳው። ያን ቀን እጅጌው ተነሳ።

"ቲቸር፣ ግማሽ ነበረን። ሲሶ ጨመርንበት። እንዴት ከግማሽ አነሰ?"

መምህርቷ ዞራ የጻፈችውን አየች። ልጅቱ ልክ እንደሆነች በዚያች ቅጽበት አወቀች። ለምን ልክ እንደሆነች አላወቀችም፤ ትክክለኛውንም መልስ አላወቀችም፤ የጨመሩበት ነገር ሊያንስ እንደማይችል ግን ሕፃን ያውቃል። ቆይ፣ አብረን እንየው ማለት ይቻል ነበር። በሩ ግን ክፍት ነው፤ በኮሪደሩ የምክትል ዳይሬክተሩ ጫማ ቋ፣ ቋ እያለ ይመጣል፤ ያ ቃል ደግሞ ከጫማው ጋር አብሮ ይመጣል።

"መጽሐፉ ነው ያለው" አለች። "የጻፉት ሰዎች ካንቺ ያውቃሉ።"

መጽሐፍ አልነበራትም። የዚያ ዓመት የሒሳብ መጽሐፍ ገና አልደረሰም ነበር።

ልጆቹ ሳቁ። አንዱ ከኋላ ሊቋ ብሎ ጠራት፤ ስሙ እዚያው ጸደቀላት። እጅጌው ቀስ እያለ ወረደ፤ ከዚያ ቀን ወዲያ አልተነሳም። ጫማው ግን ሳይቆም አልፎ ሄዷል።

ዓመቱ ሲያልቅ ያንኑ ጥያቄ ፈተና ላይ አወጣችው። አርባ አምስቱ ሁለት አምስተኛ ብለው ጻፉ። ሊቋ አምስት ስድስተኛ ብላ ጻፈች። በኅዳጉ ላይ ደግሞ አንድ ጥብጣብ ሥላ፣ በስድስት ከፍላ፣ አምስቱን በእርሳስ አጥቁራዋለች። ወጣቷ መምህርት ጥብጣቡን ብዙ አየችው። ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገችበት።

ወረቀት በሚመለስበት ቀን ልጅቱ አልመጣችም። በሚቀጥለው ዓመት ቤተሰቡ ሰፈር ቀይሯል ተባለ። መምህርቷም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች። የልጅቱ ወረቀት ከሮስተሩ ጋር እጇ ላይ ቀረ።

ፈተናው ባለቀበት ክረምት መምህራንን ለማሻሻል ተብሎ ኮርስ ሲሰጥ እሷም ገባች። አስተማሪው አንድ ጠዋት ሰሌዳው ላይ ጥብጣብ ሣሉ። በስድስት ከፈሉት። ግማሹ ሦስት ነው አሉ፤ ሲሶው ሁለት ነው አሉ፤ ይኼ የጋራ ታህት ይባላል አሉ። አምስቱን አጠቆሩት። ያው ነው፤ በመስመሩ፣ በጥቁረቱ፣ አንድ ባዶ ቤት በመተዉ ሳይቀር ያው የልጅቱ ጥብጣብ ነው። አስር ዓመት ያልሞላት ልጅ ብቻዋን፣ በእርሳስ፣ ማንም ሳይነግራት የጋራ ታህትን ፈልጋ አግኝታለች። መምህርቷ ይቅርታ ጠይቃ ወጣችና ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። እያስተማርን ተማርን፤ ግን በማን ልጅ ላይ?

ከዚያ ወዲያ የሆነችውን መምህርት ብታዩዋት ያችኛዋ ናት አትሉም ነበር። በየዕረፍቱ ተማረች፤ ሁለት ልጆቿን እያሳደገች ዲፕሎማዋን ያዘች፤ በአርባ አንድ ዓመቷ ዲግሪዋን ጫነች። አርባ ዓመት ስታስተምር መጽሐፉ ነው ያለው የሚል ቃል ዳግመኛ ካፏ አልወጣም። ልጅ እጁን ሲያነሳ ጠመኔዋን አስቀምጣ ቆይ እንየው ትላለች፤ አንዳንዴ ክፍለ ጊዜው እስኪደወል እያዩት ይቆያሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሆኖ፣ አዲስ ክፍል በገባች ቁጥር ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነው። እዚያ ሌላ ልጅ ይቀመጣል። ጎበዝ ልጅ፣ ደግ ልጅ፣ አስቸጋሪ ልጅ፤ ብቻ ሌላ ልጅ። ሰው የሞተበትን ይናፍቃል፣ የሄደበትን ይናፍቃል፤ እሷ የምትናፍቀው አንድ ባዶ እጅጌ ነበር።

ወረቀቱን በፖስታ አድርጋ ከሮስተሩ ጋር ከቤት ቤት ስትዞር ይዛው ዞረች። ኤክሱ ላይ በሰማያዊ ቀለም የልክ ምልክት አድርጋበታለች፤ ከሃያ አስራ ሰባት የሚለውን ሰርዛ አስራ ዘጠኝ ብላዋለች። ባለቤቷ በሕይወት ሳለ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ አግኝቶት የድሮ ወዳጅ ደብዳቤ ነው ወይ ብሎ ቀለደባት። ከዚያም ይብሳል አለችው።

ከተቀሩት ልጆች ብዙዎቹን አግኝታቸዋለች። መንገድ ላይ ቲቸር ብሎ የሚያቅፋት ትልቅ ሰው ሲመጣ፣ ጤና ይስጥልኝ ከማለቷ በፊት ግማሽ ላይ ሲሶ ስንት ነው ትለዋለች። አንደኛው የባንክ ሠራተኛ ሆኖ በመስኮት በኩል ጠየቀችው። ሌላዋ ነርስ ሆና፣ መርፌውን ልትወጋት ስትል ጠየቀቻት፤ ነርሷም ትኩሳቱ ወደ ጭንቅላቷ የወጣ መስሏት ዶክተር ጠራች። ሁሉም አምስት ስድስተኛ አሉ። አምስተኛ ክፍል ሲገቡ መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት አስተካክሏቸው ኖሯል፤ ያቺ ለብለቧ ናት ያስተማረቻችሁ ብሎ፣ ስቆ። ይህን ስትሰማ ቀለላት፤ ቀጥሎ ግን ከፊተኛው የባሰ ከበዳት። ከእሷ ጋር የተሳሳቱት አርባ አምስቱ ተቃኑ። ልክ የነበረችውን ግን አምስተኛ ክፍል አላገኛትም፤ ልክ ነሽ ያላት የለም።

በስልሳ ሰባት ዓመቷ፣ ጡረታ ከወጣች ቆይታ፣ አንድ እሑድ ኮሌጅ የሚያስተምረው ልጇ ሊጠይቃት መጣ። ምሳ እስኪቀርብ ሶፋው ላይ የተማሪዎቹን ወረቀት ያርማል፤ እያረመ ያጉረመርማል። ሰርቲፊኬት ለመሰብሰብ የመጡ ናቸው አለ፤ አንዱ የጻፈውን አሥሩ ገልብጠውታል አለ።

"ለብለብ ናቸው እማዬ። አንድ የበሰለ የለም።"

እናቱ የያዘችውን ማንኪያ አስቀመጠች።

"ማን ነው ያበሰላቸው?"

ልጁ ቀና አለ። እሷ ቁጣ አልነበራትም። አርባ ስምንት ዓመት ይህን ቃል ስሰማ አለች፣ ለተለበለበው ነገር ስም ሲወጣለት እንጂ እሳቱን ቶሎ ላጠፋው ሰው ስም ሲወጣለት ሰምቼ አላውቅም። የኔ አሠልጣኝ ገጽ ገለበጡ፤ እኔ ለብለብ ተባልኩ። እኔ የጠየቀችኝን ልጅ ዝም አሰኘሁ፤ ልጅቱ ሊቋ ተብላ ተሳቀባት። ቃሉ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው የሚወድቀው። ልጇ ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምሮ ያነብ ጀመር።

ከዚያ እሑድ በኋላ ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ መተው አቃታት። ጎድን እንደገባ ውጋት የሆነ ነገር ያስነሳታል። በቦርሳዋ ይዛው ትወጣለች፤ ወዴት እንደምትሄድ ሳታውቅ ይዛው ትመለሳለች።

በሦስተኛው ሳምንት አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩ በመስታወቱ አየና ቲቸር ብሎ ጠራት። ጸጉሩ ነጭ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ ያኔ ከፊት ዴስክ የማይጠፋ፣ ሌላው መልስ እስኪያስብ እሱ ጨርሶ የሚጨፍር ልጅ ነበር። ከኋላው ያሉት ተሳፋሪዎች እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በእሷ ክፍል በሒሳብ አንደኛ የወጣው እሱ መሆኑን፣ ሃያ ከሃያ ማግኘቱን አወራ። አንዱ ተሳፋሪ ታዲያ ምነው ፌርማታችንን አሳለፍከን አለው። ሳቁ ሲበርድ መምህርቷ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ሊቋን ጠየቀችው፤ አርባ ስምንት ዓመት ያገኘችውን ሁሉ የጠየቀችውን፣ ማንም ያልመለሰላትን።

"ሊቋማ እዚሁ ጨርቅ ተራ መጋረጃ ትሰፋ የለ እንዴ" አለ፣ መሪውን እያዞረ። "የኔን ቤት መጋረጃ እሷ ናት የሠራችው። አላዩዋትም?"

አላየቻትም። የራሷን ሳሎን መጋረጃ የገዛችው ከዚያው ተራ ነው። ሁለት በር አልፋ ነው የገዛችው።

ወዲያው አልሄደችም። ሦስት ቀን ቀሚስ መረጠች። በአራተኛው ጠዋት ሄደች።

ሱቁ ጠባብ ነው፤ የጨርቅ ጣቃዎች እስከ ኮርኒሱ ተደርድረው ብርሃኑን ቀለም ቀለም ያደርጉታል። መሀል ላይ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፤ ከጠረጴዛው ኋላ አንዲት ወፈር ያለች፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የወረደ ሴት፤ አንገቷ ላይ ሜትር። ቀና ሳትል ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ አለች። መቀሱ ጨርቁን እንደ ውሃ እየከፈለ ይሄዳል።

መምህርቷ ያጠናችው ንግግር ሁሉ ጠፋት። መጋረጃ ፈልጌ ነበር አለች። ስፋቱ ስንት ነው ስትባል መስኮቷን እንዳልለካች ታወቃት። ከአፏ የወጣው ሌላ ነው። አንድ ጣቃ አለኝ እንበል፤ ግማሹን ወሰድኩ፣ ከዚያ ደግሞ የጣቃውን ሲሶ ጨመርኩበት…

"ስድስተኛው እጅ ይተርፍዎታል" አለች ሴትዮዋ፣ መቀሷ ሳይቆም። "ለትራስ ልብስ ይሆናል።"

መቀሱ ከዚያ በኋላ ቆመ። ቀና አለች። መነጽሯን ገፋ አደረገች።

"ቲቸር?"

መምህርቷ ፖስታውን አወጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። በጠርዙ ቢጫ ሆኗል፤ ጥብጣቡ ግን አለ፤ አምስት ጥቁር፣ አንድ ነጭ።

"ልክ ነበርሽ" አለቻት። "የዚያን ቀንም፣ ፈተናውም ላይ። እኔ አላውቅም ነበር። መጽሐፍ ያልኩሽም መጽሐፍ አልነበረኝም። ፈርቼ ነው።"

ሴትዮዋ ወረቀቱን ሳትነካ ብዙ አየችው። ከዚያ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ለመምህርቷም እንድትቀመጥበት አንድ ሰማያዊ ጣቃ ገፋችላት። ከትምህርት የቀረችው በዚህ ምክንያት እንዳልሆነ ነገረቻት። የእናቷ ዓይን ደክሞ፣ ሰፈር ቀይረው፣ የስፌት መኪናው ላይ የሚቀመጥ ሰው ጠፍቶ ነው። ይህን ስትሰማ የመምህርቷ ትከሻ ሊላላ ሲል ሴትዮዋ ቀጠለች።

"ግን አንድ ነገር ልንገርዎት። ጨርቅ ላይ ግማሽና ሲሶ ስደምር አንድ ቀን ስቼ አላውቅም። ወረቀት ላይ ግን ሌላ ነው ብዬ ነው የኖርኩት። የተማሩ ሰዎች ሒሳብ ሌላ ነው ብዬ። ልጆቼ የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ አባታችሁን ጠይቁ እላለሁ።" ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። "አባታቸው ደግሞ ሜትር እንኳን ማንበብ አይችልም።"

አልሳቁም። ሁለቱም ወረቀቱን ያያሉ። ውጭ አንድ ጋሪ እየተንቋቋ አለፈ። መምህርቷ ይቅርታ የሚለውን ቃል ለአርባ ስምንት ዓመት አዘጋጅታው ነበር፤ አሁን ሲደርስ ግን ትንሽ ሆኖ ታያት፤ እዚህ ክፍል ውስጥ ተቆርጦ ከወደቀ ቁርጥራጭ ያነሰ። ቢሆንም አለችው። ሴትዮዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፤ እሺ ማለቷ ይሁን ማለፏ አልታወቀም። ከዚያ ጣቷን በሰማያዊ የተጻፈው አስራ ዘጠኝ ላይ አሳረፈች።

"ታዲያ ስንተኛ ወጣሁ?"

መምህርቷ ይህን ታውቀዋለች። ሮስተሩን ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠችው፤ ስንት ጊዜ አስልታዋለች። ሁለተኛ አለች፣ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ኩራት ገብቶ፤ ድሮ ስድስተኛ ነበርሽ፣ አሁን ሁለተኛ ነሽ።

"አንደኛው ማን ነው?"

ሹፌሩ እንደሆነ ነገረቻት። ሃያ ከሃያ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ጣራውን አየች። ቀኝ እጇ ከጠረጴዛው ላይ፣ ራሷም ሳታውቀው፣ ወደ ትከሻዋ ከፍ አለ።

"እሱ እንዴት ሃያ ያገኛል? ሁለት አምስተኛ ብሎ አይደል የጻፈው?"

መምህርቷ የሹፌሩን ስም ሮስተሩ ላይ ፈለገች። አርባ ስምንት ዓመት ያን ወረቀት ስታወጣና ስትመልስ፣ ለአንዷ መጨመሩን እንጂ ከአርባ አምስቱ መቀነሱን አንድ ቀን አላሰበችውም። ሁለት ማርክ፣ ከእያንዳንዳቸው። ስሕተት በሆነ መልስ የተሰጠ። የልጅቱ ጥያቄ ያኔ እንደመጣው ነበር የመጣው፤ ቀጥ ብሎ፣ ያለ ክፋት፣ ከመስኮቱ በኩል።

"ቲቸር" አለች ሴትዮዋ፣ ከንፈሯ ጥግ ላይ የሆነ ነገር እየተንቀሳቀሰ፣ "እርማቱም ለብለብ ነው እኮ።"

ቃሉ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። መምህርቷ ሕመሙን ጠበቀችው፤ አልመጣም። የመጣው ሳቅ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ፣ ከዚያ ዓይኗን የሚያስጠርጋት፣ ከዚያ እንዳትወድቅ ጣቃውን የሚያስይዛት። ሴትዮዋም ተከተለቻት። ለሹፌሩ ማን ይነግረዋል አሉ፤ መሪ እንደያዘ ከሆነ እንዳይነገረው ተስማሙ። ከዚያ ሴትዮዋ እስክሪብቶ ፈልጋ አመጣች፤ ሮስተሩ ላይ ጎንበስ ብለው ከአርባ አምስቱ ስም ፊት እያንዳንዱን ሁለት ማርክ ቀነሱ፤ ስሙን አንዷ ትጠራለች፣ ሌላዋ ትሰርዛለች። መሞታቸውን የሰሙት ሦስት ስሞች ላይ ሲደርሱ ሳይሰርዙ አለፉ፤ ሰው ከሞተ ማርክ አይነካም አለች ሴትዮዋ። ሹፌሩ አስራ ስምንት ሆነ። ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ አንደኛ ወጣ።

ሴትዮዋ ወረቀቷን አጥፋ ከመቀሷ ጋር መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ ሐሳቧን ቀይራ እንደገና አወጣችው፤ ጥብጣቡን በጣቷ እየነካች፣ ይኼን በመቀስ አውቀዋለሁ፤ በወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ ግን ያሳየኝ የለም አለች። የጋራ ምናምን የምትሉትን።

መምህርቷ ከጠረጴዛው ጥግ የልብስ ሰፊ ጠመኔ አነሳች። ጠፍጣፋ ነው፤ ከለመደችው ይቀልላል። ጥቁር ቁርጥራጭ ጨርቅ አስተካክላ ዘረጋችና ግማሽን ጻፈች፤ የመደመር ምልክት አደረገች፤ ሲሶን ጻፈች። ጽሑፏ አሁንም ቆንጆ ነው። ቀጥሎ ያለውን ከመጻፏ በፊት ግን ቆም ብላ ጠበቀች፤ ጥያቄ ካለ ብላ።

በሩ ላይ አንድ ደንበኛ ብቅ ብሎ መጋረጃዬ ደረሰ ወይ ሲል ሴትዮዋ ቀና አላለችም።

"ትንሽ ይጠብቁን" አለችው፤ "ክፍል ላይ ነን።"